ጋሽ ፍታው ኮታቸውን የፈቱ ዕለት

ስለ ትምህርት አዘገጃጀት እኔ የማላውቀው ነገር ካለ፣ እሱ ገና አልተፈለሰፈም ማለት ነው። በኢንተርኔት ሥልጠና በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ የኮርስ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ነኝ። በእጄ ያለፈውን ኮርስ ሁሉ እንደ ጡብ ልደርድረው ብል ጣሪያ በስቶ ይወጣል። ያን ዕለት ጠዋትም ወደ አንድ ታላቅ ስብሰባ እየሄድኩ ነበር፤ ዋናው ተናጋሪ እኔው ነኝ። ከእኔ በፊት የሚናገሩ ሌሎች ነበሩ፤ እነሱ ግን አዳራሹን ለማሞቅ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ከላይ ያለውን መያዣ ለመጨበጥ ክንዴን ሳነሳ፣ ከብብቴ ሥር «ጭርርር!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ፍሬን ያዘ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ የተቀደደውን አዲስ ኮቴን አየት አድርጋ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሸሚዙ ተርፏል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ዘልዬ ወረድኩ። ከአንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ውጭ የሚቀርበት የልብስ ስፌት ቤት አየሁ። በሩ ላይ መቀስ ተስሏል። ለማንኳኳት እጄን ሳነሳ ከውስጥ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማሁ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ!» ይላል የሽማግሌ ድምፅ። «‹ተማሪ አለዎት› ትዪኛለሽ። የት አለ? ዳናው የለ፣ ጥላው የለ፣ ‹እንደምን አደሩ› የለ!»

«ነበሩ እኮ ጋሼ! እርስዎ ነዎት ያባረሯቸው» አለች አንዲት ወጣት።

«እኔ? መልካቸውን አይቼ የማላውቃቸውን?»

«በአንድ ቃል! ቃሏን ያውቋታል።»

ገባሁ። ልጅቱ ዞር ብላ ስታየኝ ክው አለች። እኔም ክው አልኩ። የራሴው ክፍል ሠራተኛ ናት! ስብሰባ ላይ ድምጿ የማይሰማ፣ በቅርቡ የቀጠርናት ኮርስ አዘጋጅ። እዚህ ግን ካውያ ጨብጣ እንደ ነብር ቆማለች።

«ኃላፊ! እርስዎ… እዚህ?»

«ሠራተኞቼን ባሉበት እየዞርኩ መጎብኘት ልማዴ ነው» አልኳት፣ ቅዳዱን በመዳፌ ሸፍኜ።

ሽማግሌው የእናቷ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮት ሲሰፉ ኖረዋል። ሰፈሩ «ጋሽ ፍታው» ይላቸዋል። ለምን ቢባል፣ ተለማማጅ የሰፋውን ይዞ ሲቀርብ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ፍታው!» ተለማማጁ ይፈታል፤ እንደገና ይሰፋል፤ እንደገና «ፍታው!» ይባላል። ከዚያ ወይ ኮት ሰፊ ይወጣዋል፣ ወይ ጥሎ ሄዶ ታክሲ ይነዳል። የከተማው ታክሲ ነጂ በሙሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው ቢባል አልከራከርም።

«ኃላፊ፣ ከመጡ አይቀር ይዳኙን» አለች ልጅቱ። «የኮት ስፌት ኮርሱ የእኛ ነው። እኔ አዘጋጅ፣ ጋሼ አስተማሪ። ‹እኔ በተማርኩበት ቅደም ተከተል ይሁን› አሉ፤ አደረግሁ። የመጀመሪያው ትምህርት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት። ሁለተኛውም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት።»

«ሁለተኛው በወፍራም ክር ነው!» አሉ ጋሽ ፍታው።

«ሦስተኛው ካውያ ማጋል። አራተኛው ቤት መጥረግ!»

«ታዲያ የወደቀ መርፌ እግሬን ይውጋኝ?»

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የሚማረው በገዛ ቤቱ ነው! የማንን እግር ነው የሚወጋው?»

«የሚስቱን!» አሉ፣ ሳያመነቱ።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ኮት የሚባለው ነገር ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ የሚታገስ ከተገኘ የሠራውን በፎቶ ይልካል፤ ጋሼ አይተው ‹ፍታው› ብለው ይመልሱለታል። በቃ። ኮርሱ ገና ሙከራ ላይ ሆኖ የቀረችን አንዲት ሠልጣኝ ናት።»

ቅዳዱን የሸፈነው መዳፌ ወረደ። የድርጅቱን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝና፦ በሙከራው ጊዜ አንድም ሠልጣኝ የተሟላ ሥራ ይዞ ካልወጣ ኮርሱ ይሰረዛል። ሕጉን ሳወጣው በጣም ኮርቼበት ነበር። ስፌት ቤት ውስጥ ቆሜ ሳየው ግን ትንሽ ጠበበኝ።

«ኮርሱ ከተሰረዘ ደግሞ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌላ ዕድል የለንም። የጋሼ ዓይን እየደከመ ነው። ክር የሚያስገቡት በዳሰሳ ሆኗል። ተለማማጅ ከመጣ ቆየ። ያ እጅ ሳይተርፍ ሊቀር ነው።»

«አታሟርቺብኝ!» አሉ ጋሽ ፍታው። ዓይናቸውን ግን ከእሷ አሸሹ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሙያ የሚሞተው ባለሙያው ሲሞት ይመስለናል። እኔ ግን በምርምሬ የደረስኩበት (ምርምሩ ገና በጽሑፍ አልወጣም) ሙያ ባለሙያው በሕይወት እያለ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ሊሞት እንደሚችል ነው።

«ጌታዬ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «እርስዎ የተማሩ ሰው ይመስላሉ። ሙያ በችኮላ ይያዛል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?»

ልጅቱ ቀደመችኝ። «እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ውስጡ ጫጩት ስላለ ነው ጋሼ። እርስዎ ለተማሪው የሚያሳዩት ቅርፊቱን ብቻ ነው። ጫጩቱን አስቀድመው ቢያሳዩት ታግሶ ይታቀፈው ነበር።»

«አቤት አፍ! እናትሽም እንዲሁ ናት።»

አሁን ተራው የእኔ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጋሼ፣ እኔ አንድ ኮርስ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ሠልጣኙ በመጨረሻው ቀን ምን በእጁ ይዞ ይወጣል? እሱን ካወቅሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ለዚያ የሚያስፈልገውን ብቻ እየለቀምኩ እመጣለሁ።»

«ወደ ኋላ የሚራመድ ገመድ ገማጅ ነው» አሉኝ። «ይልቅ ያን ኮት ያውልቁት፤ ከገቡ ጀምሮ ዓይኔን እየወጋኝ ነው።»

አወለቅሁ። ገለበጡት፣ ዳሰሱት፣ ወደ አምፖሉ አስጠጉት።

«ማነው የሰፋው?»

«እጅግ የታወቀ ቤት ነው። ወረፋው ራሱ…»

«ፍታው!» አሉ። ዐረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ምላጩ ሄዶ ተመለሰ፤ እጅጌዬ በእጃቸው ቀረ።

«ምነው ጋሼ! ምኑ ነው ጥፋቱ?»

«ያስታውቃል።»

«ለማን?»

«ለሚያውቅ!»

ልጅቱ አጨበጨበች። «ይኸው! ሠልጣኞቼ የሸሹት ከዚህች ነው። ጋሼ፣ ለሚያውቅማ ትምህርት ምን ያደርግለታል?»

ሽማግሌው ጠመኔውን ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ አንስተው ሌላው ጫፍ አስቀመጡት። «ያስተማሩኝ ጌታም ምክንያት ነግረውኝ አያውቁም» አሉ በመጨረሻ። «‹ፍታው› ይሉኛል፤ እፈታለሁ። አንድ ቀን ዝም አሉኝ። ያኔ ኮት ሰፊ መሆኔን አወቅሁ።»

«እዚህ ቤት ‹ፍታው› የተባለ ሰው ቀና ሲል የእርስዎን እጅ ያያል» አለች ልጅቱ ለስለስ ብላ። «እሱ ሲፈታ እርስዎ አጠገቡ እየሰፉ ነው። ዓይኑ ከእጅዎ ይሰርቃል። ስልክ ላይ ያለው ግን የሚያገኘው ያቺን ቃል ብቻ ነው። ቃል ደግሞ መርፌ የላትም።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ምስማር ተመለከተች። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ተሰቅሏል። እኔ ኮት በማየት የታወቅሁ ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ማንም ሳይለብሰው ትከሻ አለው። ጋሽ ፍታው ከጌታቸው ቤት ሲወጡ የሰፉት፣ የተዳሩበት፣ ብርድ ሲሆንም ከእሱ ሌላ የማይለብሱት ኮት ነው።

«ያን ይፍቱልኝ» አለች።

ጋሽ ፍታው ሄደው ኮቱን በጀርባቸው ከለሉት።

«ምን?»

«ካሜራ ፊት። ከመጨረሻው ስፌት ጀምረው ወደ መጀመሪያው ይፍቱት። እያንዳንዷን ስፌት ሲፈቱ ለምን እንደሰፏት ይንገሩን። ኮርሱን የምደረድረው በዚያ ነው።»

ይህ ሐሳብ የእሷ ነው። እኔም ልናገረው አፋፍ ላይ ደርሼ ነበር፤ ወጣት ማበረታታት ስለምወድ ተውኩላት።

«የሠርጌን ኮት?» አሉ ጋሽ ፍታው፣ ድምፃቸው ተሰንጥቆ። «ሰው አጥንቱን ይፈታል? ውጡልኝ! ሁለታችሁም!»

ወጣን። እጅጌዬ እዚያው ቀረ። ስብሰባው ላይ በአንድ እጅጌ ተናገርኩ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ኋላ መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ የአንድ ወገን እጅጌውን ቆርጦ ሲሄድ አይቻለሁ። ፋሽን የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የኮቴን ገላ ይዤ ከልጅቱ ጋር እጅጌዬን ልጠይቅ ተመለስኩ። ጋሽ ፍታው የሱሪ ጫፍ እየቀመቀሙ ቀና አላሉም።

«ጋሼ፣ መልእክት አለዎት» አለች። «ከቀረችው ሠልጣኝ። በድምፅ ነው የላከችው።»

«አላዳምጥም።»

«እሺ፤ እኔ ላዳምጥ። እርስዎ ጆሮዎን ይድፈኑ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ጆሯቸውን አልደፈኑም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ የሴት ድምፅ፤ ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል። «እኔ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። የምሰፋው ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቴን ዘግቼ ነው። እጅጌውን ‹ፍቺው› አሉኝ፤ ፈታሁት። ደግሞ ‹ፍቺው› አሉኝ፤ ፈታሁት። አሁን የጨርቁ ጠርዝ ወንፊት ሆኗል፤ መርፌ የሚይዝ ቦታ የለውም። ጋሼ፣ መፍታት አልሰለቸኝም። ሌሎቹ ሄደዋል፤ እኔ አልሄድም። ግን ምኑን ነው የምፈታው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ… አቤት! የስንት ሰዓቱን? ይቅርታ ጋሼ፣ መንገደኛ መጣብኝ።»

ጋሽ ፍታው መርፌያቸውን ሱሪው ላይ ሰኩት።

«ድገሚው» አሉ ጋሽ ፍታው።

ደገመችው።

«‹እኔ አልሄድም› አለች አይደል?»

«አለች ጋሼ።»

ሱሪውን አስቀመጡ። ተነሥተው ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ፤ አቧራ ሳይኖረው አራገፉት። ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኙት፤ አንገትጌውን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ አሻሹት። «ያን ካሜራሽን ክፈቺ» አሉ። «ቶሎ በይ፣ ልቤ ሳይመለስ።»

መጀመሪያ ቁልፎቹ ወጡ። ከዚያ ወደ ገበሩ ሄዱ። ምላጩ ክሩን ሲቆርጥ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ቀዶ ጥገና ሳይ እንኳ እንዲህ አልሆንም።

«ለምን ነው ገበሩን ሰፋ ያደረጉት?» አለች ልጅቱ ከካሜራው ጀርባ።

«እ… ሰውየው ሲጎነበስ ገበሩ ከውስጥ እንዳይጎትተው።»

«ይህን ለማን ነግረው ያውቃሉ?»

«ማን ጠይቆኝ?»

እጅጌው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ቀነሰ። ፈትተው ሲያወጡት ከተሰፋበት ቀዳዳ አጠገብ ዘረጉት፤ ሁለቱን አስተያዩ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«እዪው! እጅጌው ከሚገባበት ቀዳዳ ይበልጣል! ትርፉ በመርፌ እየተሰበሰበ፣ እየተሰበሰበ ነው የገባው። ትከሻው ጉብ የሚለው በዚያ ነው። ከፊት በኩል ትርፉ በዛ ይላል፤ ከብብት በታች ምንም የለም። ለምን ነው በዪኝ!»

«ለምን ነው ጋሼ?»

«ሰው እጁን የሚዘረጋው ወደ ፊት ነዋ! ሲጨብጥ ወደ ፊት፣ ልጅ ሲያቅፍ ወደ ፊት፣ ትኬት ሲቆርጥ ወደ ፊት! ያቺ ልጅ ትርፉን ዙሪያውን እኩል አካፍላዋለች። ለዚህ ነው እጅጌው የሚጠመዘዝባት! እጇ ደህና ነው፤ አከፋፈሉ ነው የሳተው!»

ዕድሜ ልክ እጃቸው ሲያውቀው የኖረውን ነገር አፋቸው ገና ያን ዕለት ተናገረው። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «የአንተም ኮት» አሉኝ፤ «እርስዎ» የሚለው በደስታው መሐል ጠፋ፣ «ብብቱ በጣም ወርዶ ነው የተቆረጠው። ክንድህን ስታነሳ ኮቱ በሙሉ አብሮ ሊነሳ ይሞክራል፤ ሲያቅተው ይቀደዳል። ለሐውልት የተሰፋ ኮት ነው።»

«ሐውልት ቢያቆሙልኝ አልቃወምም» አልኳቸው።

ልጅቱ የተፈታውን ኮት ቁራጭ በቁራጭ ደረደረችው፤ ኮርሱም እንደዚያው ተደረደረ። የመጀመሪያው ትምህርት ያለቀለት ኮት ማየት ሆነ፦ ልበሰው፣ ክንድህን አንሳ፣ የት ላይ እንደሚይዝህ ተናገር። የሚቀጥለው ልኬት ነው፤ ለመለማመጃ የተለካውም የጋሽ ፍታው የራሳቸው ትከሻ፣ ደረትና ክንድ ነው። አንዱ ትምህርት ካውያ ለመጋል ከሚፈጅበት ጊዜ አይበልጥም፤ ሲያልቅም በሠልጣኙ እጅ ላይ አንድ የሚያዝ ነገር ይኖራል፤ ኪስ፣ ወይም የቁልፍ ቀዳዳ፣ ወይም እጅጌ። ክር ማስገባት አልተባረረም፤ ክር በሚያስፈልግበት ቦታ ገባ። የተሰረዘው ቤት መጥረግ ብቻ ነው። ለእሱ ጋሽ ፍታው አምርረው ተከራከሩ፤ በስምምነትም ኮርሱ መጨረሻ ላይ «መርፌህን ልቀም» የሚል ገባላቸው።

የእርማቱ ነገር ግን ከኮቱ መፈታት በላይ ከበዳቸው። አዲሱ ሥርዓት የተሳካውን አስቀድመህ ንገር፣ ከዚያ የሳተውን ቦታ አሳይ፣ ከዚያ ምክንያቱን ስጥ ይላል።

«የተሳካውን?» አሉ፣ የአንዱን ሠልጣኝ ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። «ምን ልበለው? ‹ጨርቁን አላቃጠልከውም፣ ጎበዝ› ልበል?»

«ካላቃጠለው እውነት ነው፤ ይበሉት» አለች።

አሉት። ሰውየው በማግስቱ ሦስት ኪስ ሰፍቶ ላከ። ሄደው የነበሩትም ወሬውን ሲሰሙ ይመለሱ ጀመር፤ ኮርሱ በር ቢኖረው ኖሮ በሩ ተገንጥሎ ይወድቅ ነበር። ትኬት ቆራጯም አዲስ ጨርቅ ገዝታ ከእጅጌው ጀመረች። «ፍቺው» አሏት ጋሽ ፍታው በድምፅ መልእክት፣ «ምክንያቱም ከፊት በኩል ያለውን ትርፍ ወደ ኋላ ገፍተሽዋል።» መልሷ አንድ ቃል ነበር፦ «አየሁት!»

ሙከራው የሚዘጋበት ቀን ዝናብ ነበር። ከሠልጣኞቹ ገና አንድም ሙሉ ኮት አልደረሰንም፤ ኪስና እጅጌማ ሞልቷል። ሕጌ እንደ ጠባብ ጫማ ይቆረቁረኝ ጀመር። ስፌት ቤቱ ውስጥ ጋሽ ፍታው ኮት አልባ ስለሆኑ የእህታቸውን ልጅ ቀይ ሹራብ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ልጅቱ ስልኳን አሥር ጊዜ ታያለች።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ዝናብ የመታት ሴት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች።

«የጋሽ… የኮት አስተማሪው ቤት ይህ ነው?»

ጋሽ ፍታው ድምጿን ሲሰሙ ቀና አሉ። «የስንት ሰዓቱን?» አሏት።

ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች። «ጋሼ! በፎቶ አይሆንልኝም ብዬ ነው። ዛሬ ትኬቱን ለራሴ ቆርጬ መጣሁ።» ፌስታሉን ፈታች። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው። «የማውቀው ልክ የእርስዎን ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ላይ ያለውን። በእሱ ሰፋሁት።»

ሽማግሌው ሹራቡን አውልቀው ኮቱን ለበሱት። ቆለፉት። ጎነበሱ፤ ገበሩ አልጎተተም። ክንዳቸውን እስከ ጣሪያው ዘረጉ፤ ኮቱ ከቦታው አልተነሳም። በጣታቸው የትከሻውን ጉብታ ዳሰሱ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት። ከዚያ እጃቸው ወደ መቀሱ ሄደ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። «እፈታዋለሁ ጋሼ። ምክንያቱን ብቻ…»

መቀሱ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ከኮቱ ጫፍ አንዲት አጭር ነጭ ክር ወለሉ ላይ ወደቀች።

«የማስያዣ ክር ሳትነቅዪ ረስተሽ ነበር» አሉ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ…» አሉ፣ አንገትጌውን ቀና እያደረጉ፣ «ሌላማ ዝናቡ በርትቷል፤ ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ልሂድ።» ሹራቡን ለእህታቸው ልጅ ወረወሩላት። እሷ ሹራቡን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር።

ኮርሱ ጸደቀ። ራሴ ነኝ የፈረምኩት፣ በሁለት እጄ ማለት ይቀለኛል። ዛሬ ከእሱ የሚወጡት ኮት ሰፊዎች ፀሐይን ጃኬት ሊያለብሱ ይችላሉ። ትኬት ቆራጯም ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቷን ዘግታ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ታስተምራለች። የጋሽ ፍታው ዓይን እየደከመ ነው፤ እጃቸው ግን አሁን ብዙ ቦታ አለ። እሳቸው ራሳቸው አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ የሚናገሩትን ሰምቼ፣ እኔ ከምናገረው ሁሉ ሳይሻል አይቀርም ብያለሁ፤ ይህን የምለው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው።

«ተማሪ በዓይኑ ይስረቅ እል ነበር» ይላሉ። «አሁን ግን አየሁት። የሰረቀ ሰው ይደብቃል፤ የተሰጠው ሰው ይሰጣል።»

ሰፈሩም ስማቸውን ለወጠው። አሁን «ጋሽ ምክንያቱም» ነው የሚላቸው።

ስለ እኔ ኮት ለምትጠይቁ፣ እጅጌውም ገላውም አልተመለሰልኝም። የመጀመሪያው ትምህርት ላይ «ብብቱ የወረደ ኮት ይህን ይመስላል» ተብሎ ይታያል፤ በዓለም ላይ እንደ እሱ በብዙ ዓይን የታየ ኮት ያለ አይመስለኝም። በምትኩ ከኮርሱ የወጣ አንድ ሠልጣኝ አዲስ ሰፍቶልኛል። እሱን ለብሼ አውቶቡስ ውስጥ ክንዴን ወደ መያዣው አነሳለሁ። ሾፌሩ ፍሬን አይዝም።